«አሳዘነኝ» እና «አሳዛኝ ነው» — የአንባቢን አስተያየት ስለ መጻፍ

አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ጓደኛችሁ «እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ? አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው መልስ «ደስ ይላል»፣ «ግሩም ነው»፣ ወይም «መጨረሻው አናደደኝ» የሚል ነው። እንዲህ ያለው መልስ ለመንገድ ላይ ጨዋታ ይበቃ ይሆናል፤ በጽሑፍ ለሚቀርብ አስተያየት ግን አይበቃም። የዚህ ትምህርት አዘጋጅ መምህር በነበረበት ጊዜ፣ ስለ አንድ መጽሐፍ አስተያየታቸውን ጽፈው እንዲያመጡ ከታዘዙት ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ አንድ ገጽ ሙሉ ታሪኩን ከተረኩ በኋላ በመጨረሻው መስመር ላይ «መጽሐፉ በጣም ጥሩ ስለ ሆነ ሁላችሁም አንብቡት» ብለው ያበቁ ነበር። ለምን ጥሩ እንደ ሆነ ሲጠየቁ ዝም ይላሉ። ጥፋቱም የተማሪዎቹ አልነበረም፤ አጻጻፉን አስቀድሞ ያሳያቸው መምህር አልነበረምና።

በዚህ ትምህርት የአንባቢ አስተያየት በምን ዓይነት ዐረፍተ ነገር እንደሚገለጥና በምን እንደሚደገፍ እንመለከታለን። ለምሳሌነት የመረጥናቸው በአሜሪካ ለወጣቶች ተጽፈው በብዙ አገሮች የተነበቡ ሁለት ተከታታይ ልብ ወለዶች ናቸው። የመረጥናቸውም አንባቢዎቻቸው በአብዛኛው በእናንተ ዕድሜ የሚገኙ ወጣቶች ስለ ሆኑና፣ የሰጡትም አስተያየት ብዙ ያከራከረ፣ አንዳንዴም ያስተዛዘበ ስለ ነበረ ነው።

ሀ. ስለ መጻሕፍቱ

«ዲስቶፒያ» የሚባለው የልብ ወለድ ዓይነት ስያሜውን ያገኘው ከግሪክኛ ሲሆን፣ ትርጉሙ «ክፉ ስፍራ» እንደ ማለት ነው። በዚህ ዓይነቱ ድርሰት ደራሲው ገና ያልመጣን ዘመን በምናቡ ይፈጥራል፤ በዚያም ዘመን ሰው በገዢዎቹ እጅ እንደ ዕቃ የሚቆጠርበትን ሥርዓት ይሥላል። አንባቢውም የራሱን ዘመን ከዚያ ጋር እያስተያየ ያነባል።

የመጀመሪያው ምሳሌያችን የሱዛን ኮሊንስ «ሀንገር ጌምስ» ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የረኃብ ጨዋታዎች» ይሆናል። ሦስቱ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ2009 እና በ2010 ታትመዋል። ታሪኩ የሚፈጸመው አንዲት ባለጸጋ ዋና ከተማ 12 ድኻ አውራጃዎችን በምትገዛባት ፓኔም በተባለች ምናባዊ አገር ነው። አውራጃዎቹ ቀደም ሲል ስላመፁ፣ በየዓመቱ ከእያንዳንዳቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ በዕጣ ተመርጠው ይወሰዳሉ፤ ዕድሜያቸውም ከ12 እስከ 18 ነው። 24ቱ ልጆች አንድ ብቻ እስኪቀር ድረስ እርስ በርሳቸው እንዲጋደሉ ይደረጋል፤ ሕዝቡም ይህን በቴሌቪዥን እንዲመለከት ይገደዳል። የ16 ዓመቷ ካትኒስ ዕጣው በታናሽ እኅቷ በፕሪም ላይ ሲወጣ በርሷ ፈንታ ራሷን ታቀርባለች። ኮሊንስ የታሪኩ ሐሳብ የመጣላት አንድ ምሽት የቴሌቪዥን ጣቢያ ስትለዋውጥ፣ በአንዱ የወጣቶች ውድድር፣ በሌላው የጦርነት ዜና በማየቷ መሆኑን ተናግራለች።

ሁለተኛው የቬሮኒካ ሮት «ዳይቨርጀንት» ነው። ሦስቱ መጻሕፍት ከ2011 እስከ 2013 በየዓመቱ ወጥተዋል። በዚህ ታሪክ የቺካጎ ከተማ ሕዝብ በአምስት ወገን ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ ወገን አንድን ጠባይ ከሁሉ አብልጦ ያከብራል፤ ይኸውም ራስን ለሌላው መስጠትን፣ ድፍረትን፣ እውነተኛነትን፣ ሰላምን ወይም ዕውቀትን ነው። ወጣቶች 16 ዓመት ሲሞላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚኖሩበትን ወገን ይመርጣሉ። ትሪስ የተባለችው ዋና ገጸ ባሕርይ የተወለደችው ራሳቸውን ለሌላው ከሚሰጡት ዘንድ ሲሆን፣ የመረጠችው ግን ደፋሮቹን ነው።

ለ. ሦስት ዓይነት አነጋገር

ሩ በ«ሀንገር ጌምስ» ውስጥ ከ11ኛው አውራጃ የመጣች የ12 ዓመት ልጅ ናት። በውድድሩ ሜዳ የካትኒስ አጋር ትሆናለች፤ በመጨረሻም ትገደላለች። ስለዚህ ነገር የተጻፉትን የሚከተሉትን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አስተውሉ።

1. የሩ ሞት አሳዘነኝ።
2. የሩ ሞት አሳዛኝ ነው።
3. የሩ ሞት የካትኒስን አስተሳሰብ ስለ ለወጠ ከመጽሐፉ ክፍሎች ሁሉ ዋነኛው ነው።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ባለቤቱ «ሞት» ሲሆን፣ ተሳቢው ከግሡ ጋር የተጣበቀው «ኝ» ነው፤ ይኸውም «እኔን» ማለት ነው። እንግዲህ ዐረፍተ ነገሩ በውጭ ሲታይ ስለ ሩ የሚናገር ቢመስልም፣ የሚነግረን ግን በአንባቢው ላይ የደረሰውን ነገር ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር ማንም ሊያፈርሰው አይችልም። «የለም፣ አላዘንሽም» ብሎ የሚከራከር ሰው ቢገኝ የሚያስቅ ይሆናል።

በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ግን አንባቢው ጠፍቷል። «አሳዛኝ» ቅጽል ነው፤ የሚገልጠውም ሞቱን እንጂ አንባቢውን አይደለም። እዚህ ላይ አንድ የምትሳሳቱበት ነገር አለ። በሁለቱም ቃላት መጨረሻ «ኝ» ስለሚገኝ አንድ ዓይነት ባዕድ መድረሻ ያላቸው ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። በ«አሳዘነኝ» ውስጥ ያለው «ኝ» ከውጭ የተጨመረ ሲሆን፣ በ«አሳዛኝ» ውስጥ ያለው «ኝ» የግሡ የራሱ ፊደል «ን» ተለውጦ የተገኘ ነው። ይህንንም ከሚከተሉት ጋር በማነጻጸር ለመረዳት ይቻላል፦ አስደሰተ — አስደሳች፤ አናደደ — አናዳጅ፤ አስደነገጠ — አስደንጋጭ። «ት» ወደ «ች»፣ «ድ» ወደ «ጅ»፣ «ጥ» ወደ «ጭ» እንደ ተለወጠ ሁሉ፣ «ን»ም ወደ «ኝ» ተለውጧል።

ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ሊያከራክር ይችላል፤ «እኔን አላሳዘነኝም፣ ታዲያ እንዴት አሳዛኝ ነው ትላለህ?» የሚል ይነሣልና። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለክርክር የተጋለጠ ነው፤ ምክንያቱን ራሱ ይዞ ስለ መጣ አንባቢው መጽሐፉን ገልጦ ምክንያቱ እውነት መሆን አለመሆኑን ሊመረምር ይችላል። ጽሑፋችሁ ዋጋ የሚያገኘው በዚህ በሦስተኛው ዓይነት ዐረፍተ ነገር ነው። ይህ ሲባል ግን የመጀመሪያውን አትጻፉ ማለት አይደለም፤ ስሜት የአስተያየት መነሻ ነው። ስሕተቱ «አሳዘነኝ» ብለን የጀመርነውን ነገር ሳንመረምር ወደ «መጥፎ ነው» ስንሻገር የሚመጣ ነው።

ሐ. ያልተጻፈውን ያነበቡ

«ሀንገር ጌምስ» እ.ኤ.አ. በ2012 በፊልም ተሠርቶ ሲታይ፣ ሩን ሆና የተጫወተችው ጥቁር አሜሪካዊት ልጅ ነበረች። በዚህን ጊዜ መጽሐፉን አንብበናል፣ ወድደነዋልም የሚሉ አንዳንድ ወጣቶች ተቆጡ። የጠበቋት ሩ ጥቁር እንዳልነበረች፣ ፊልም ሠሪዎቹ እንደ ለወጧት አድርገው ተናገሩ። ከዚህም አልፈው፣ ልጅቱ ጥቁር መሆኗን ካወቁ ወዲህ ሞቷ እንደ ቀድሞው እንዳላሳዘናቸው በይፋ የጻፉ ነበሩ።

መጽሐፉ ግን ምን ይላል? ሩ መጀመሪያ በምትታይበት ስፍራ ቆዳዋ ጠቆር ያለ ቡናማ መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። የተደበቀ ነገር የለም፤ በፍንጭ የተነገረም አይደለም። ታዲያ እንዴት ሳያዩት ቀሩ? አንዱ ምክንያት ከዚያው አጠገብ የሚገኝ ንጽጽር ሳይሆን አይቀርም። ካትኒስ ሩን ስታያት ታናሽ እኅቷን ፕሪምን ታስታውሳለች፤ የምታስታውሳትም በቁመናዋና በአኳኋንዋ ነው። ፕሪም ደግሞ ፀጉሯ ወርቃማ፣ መልኳ ነጭ ነው። ፈጥነው የሚያነቡ ሰዎች «እንደ ፕሪም» የሚለውን ይዘው «በቁመናዋና በአኳኋንዋ» የሚለውን ጣሉት፤ ከዚያም ሩን በፕሪም መልክ ሣሉአት።

በአማርኛም ንጽጽርን የሚወስነው በ«በ» የሚጀምረው ሐረግ ነው። «አልማዝ በድምፅዋ እንደ እናቷ ናት» ብንል፣ አልማዝ ቁመቷም ጠባይዋም የእናቷን ይመስላል ማለታችን አይደለም። «በድምፅዋ» የሚለውን ሐረግ የዘለለ አንባቢ ያልተነገረውን ነገር ተነገረኝ ሊል ነው። አንዲት ሐረግ ምን ያህል ክብደት እንዳላት ከዚህ ማስተዋል ትችላላችሁ።

ይህ ግን የፍጥነት ንባብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ከዚህ ቀደም «አሳዘነኝ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ማንም ሊያፈርሰው አይችልም ብለናል። «ጥቁር መሆኗን ካወቅሁ በኋላ አላሳዘነኝም» የሚለውንም እንዲሁ ማፍረስ አይቻልም፤ ጸሐፊው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የዚህን ግሥ ተሳቢ መልሳችሁ ተመልከቱ። ልጅቱ በመጽሐፉ ውስጥ ያው ናት፤ የሠራችው፣ የዘመረችው፣ የሞተችበትም መንገድ አልተለወጠም። አንድም ቃል ሳይለወጥ ኀዘኑ ከጠፋ፣ የተለወጠው ነገር ከመጽሐፉ ውጭ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው አስተያየት ስለ ሩ ምንም አይነግረንም፤ ስለ ተናጋሪው ግን ብዙ ይነግረናል።

በዚያን ጊዜ ሌሎች አንባቢዎች የሰጡት መልስ ለእኛ ትምህርት ይጠቅማል። ብዙዎቹ ስድብን በስድብ ከመመለስ ይልቅ መጽሐፉን ገልጠው የልጅቱ መልክ የተጻፈበትን ስፍራ አመለከቱ። ከዚያ በኋላ ልጅቱ በመጽሐፉ ውስጥ ነጭ ነበረች ለማለት የሚያስችል መሠረት አልቀረም። እናንተም ስሜታችሁን ከጻፋችሁ በኋላ፣ ሌላ ሰው ከማየቱ በፊት፣ ያስቆጣችሁን ወይም ያስደሰታችሁን ገጽ ገልጣችሁ እንደ ገና አንብቡ። ብዙ ጊዜ በትዝታችሁ ያለውና በገጹ ላይ ያለው አንድ ሆኖ አታገኙትም።

መ. የትሪስ መጨረሻ

(«ዳይቨርጀንት»ን ለማንበብ የምታስቡ ተማሪዎች ካላችሁ፣ መጨረሻውን ስለምንናገር ይህን ክፍል ልትዘሉት ትችላላችሁ። ነገር ግን ከመልመጃው ጥያቄዎች አንዳንዶቹ ከዚሁ ጋር ይያያዛሉ።)

የ«ዳይቨርጀንት» ሦስተኛ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ትሪስ በታሪኩ መጨረሻ አካባቢ ትሞታለች። ወደ ሞት የሚያደርሰውን ሥራ ሊፈጽም የተዘጋጀው ወንድሟ ኬሌብ ነበር፤ እርሷ በርሱ ፈንታ ትሄዳለች፤ ሥራዋንም ፈጽማ በጥይት ትመታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከርሷ ጋር የኖሩ አንባቢዎች በደራሲዋ ላይ እጅግ ተቆጡ። ከእንግዲህ የርሷን መጽሐፍ አንነካም ያሉ ነበሩ። ሮትም መጨረሻውን ለምን እንዲህ እንዳደረገችው ማብራሪያ ለመጻፍ ተገደደች። ዋናው ሐሳቧም ትሪስ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ ራስን ለሌላው መስጠት ምን እንደ ሆነ ስትታገልበት መቆየቷን፣ መጨረሻውም ከዚህ ትግል የመጣ መሆኑን የሚገልጥ ነበር።

አሁን የአንባቢዎቹን ቁጣ እንመርምር። «ትሪስ መሞት አልነበረባትም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ፍርድ ነው ወይስ ስሜት? አነጋገሩ ፍርድ ይመስላል፤ ምክንያት ግን የለውም። «ዋና ገጸ ባሕርይ ፈጽሞ አይሞትም» የሚል ሕግ በልብ ወለድ ዓለም የለም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሰው በበዛብህ ሞት ሊያለቅስ ይችላል፤ ደራሲው አታለለኝ ሊል ግን አይችልም፤ ርእሱ ከሽፋኑ ላይ ነግሮታልና።

ስለዚህ የሚጠየቀው «መሞት ነበረባት ወይስ አልነበረባትም?» ሳይሆን «ታሪኩ ለሞቷ አዘጋጅቶን ነበርን?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መጽሐፉን ገልጦ መልስ ማግኘት ይቻላል። በመጀመሪያው መጽሐፍ የትሪስ እናትም አባትም ለሌላው ሲሉ ይሞታሉ። በሁለተኛው መጽሐፍ ትሪስ ሌሎች እንዳይገደሉ ስትል ራሷን ለጠላት አሳልፋ ትሰጣለች፤ በዚያን ጊዜ ግን ከኀዘንና ከጸጸት የተነሣ መሞትን የምትሻ ትመስላለች። በሦስተኛው ወደ ሞት ስትሄድ ለመኖር ትፈልጋለች። የሚያስተውል አንባቢ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለውን ይህን ልዩነት ይዞ፣ መጨረሻው የታሰበበት መሆኑን ሊያስረዳ ይችላል።

ሌላም ምልክት ነበር፤ እርሱም ሰዋስዋዊ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መጻሕፍት ተራኪዋ ትሪስ ብቻ ናት፤ «እኔ» እያለች ትናገራለች። በሦስተኛው ግን ምዕራፎቹ በትሪስና በፍቅረኛዋ በቶባያስ መካከል ይፈራረቃሉ። አንድ ደራሲ ሁለት መጻሕፍት ሙሉ በአንደኛ መደብ ሲያስተርክ ከቆየ በኋላ ሌላ ተራኪ ቢጨምር፣ «ለምን አስፈለገው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። «እኔ» የምትለው ተራኪ ከሞተች ታሪኩን ማን ይጨርሰዋል? ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ምዕራፍ የጠየቀ አንባቢ መጨረሻውን ሳይጠረጥር አይቀርም።

እንግዲህ የተቆጡት ሁሉ ተሳስተዋልን? አልተሳሳቱም። ከተቆጡት መካከል አንዳንዶቹ እጅግ ጠቃሚ ትችት አቅርበዋል። የሁለቱ ተራኪዎች አነጋገር በጣም ስለሚመሳሰል፣ በምዕራፉ ራስ ላይ የተጻፈውን ስም ካላዩ በቀር ማን እየተናገረ እንደ ሆነ ለመለየት እንደ ተቸገሩ ገልጠዋል። ይህ ትችት ከስሜት የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ወደ ገጹ ደርሷል። ሊመረመር፣ ሊደገፍ ወይም ሊፈርስ ይችላል። ደራሲዋ ስለ ዓላማዋ የጻፈችው ማብራሪያም አይመልሰውም፤ ምክንያቱም ትችቱ የሚናገረው ስላሰበችው ነገር ሳይሆን ስለ ጻፈችው ነገር ነው። የደራሲን ቃል ማክበር ተገቢ ቢሆንም፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ያሰቡትና የጻፉት ሁልጊዜ አንድ አይሆንም።

ሠ. አንድ ማስረጃ፣ ሁለት ፍርድ

አንዳንድ ጊዜ ሁለት አንባቢዎች በአንድ ማስረጃ ተስማምተው በፍርዱ ይለያያሉ። የ«ሀንገር ጌምስ» ሦስተኛ መጽሐፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ መጽሐፍ ጦርነት ተነሥቷል። ካትኒስ የዓመፀኞቹ ምልክት ሆናለች፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ቆስላ ወይም አእምሮዋ ታውኮ በሕክምና ስፍራ ትገኛለች፤ ታላላቅ ድርጊቶችንም ከሌሎች አፍ ትሰማለች። ልታድናት ብላ ሞትን የመረጠችላት እኅቷ ፕሪምም በመጨረሻ ትሞታለች።

አንዱ አንባቢ «የምናውቃት ጀግና የት ሄደች? ደራሲዋ አዳከመቻት» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጦርነት እንዲህ ነው፤ ብርቱውን ሰው ሳይቀር ይሰብራል፤ ሰባራ አድርጋ መሣሏ እውነተኛ ያደርገዋል» ይላል። ሁለቱም የሚጠቅሱት አንድ ገጽ ነው። የተለያዩት በመስፈርታቸው ነው፤ የመጀመሪያው መጽሐፉን የሚለካው እንደ ጀብዱ ታሪክ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚለካው እንደ ጦርነት ታሪክ ነው። የኮሊንስ አባት በቬትናም የዘመተ የአየር ኃይል ባልደረባ ስለ ነበር፣ እርሷም ስለ ጦርነት ለወጣቶች መጻፍ ዓላማዋ መሆኑን ስለ ተናገረች፣ ሁለተኛው መስፈርት ለመጽሐፉ የሚቀርብ ይመስላል። ቢሆንም ከመጀመሪያው መጽሐፍ የጀብዱን ጣዕም ያገኘ አንባቢ በሦስተኛው ቅር ቢለው አይፈረድበትም። እናንተ ስትጽፉ ግን «መጽሐፉን የምለካው እንደዚህ ዓይነት መጽሐፍ አድርጌ ነው» ብላችሁ መስፈርታችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር ግለጡ።

ከማንበብ በፊት የሚሰጥ አስተያየትም አለ። ኮሊንስ በ2020 ባሳተመችው መጽሐፍ ታሪኩን 64 ዓመት ወደ ኋላ መለሰችው። ዋናው ገጸ ባሕርይ በኋላ ጨካኙ ፕሬዚዳንት የሚሆነው ወጣቱ ስኖ መሆኑ መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት ሲታወቅ፣ ብዙ አንባቢዎች ክፉ ሰው ባለ ታሪክ በመሆኑ ቅሬታቸውን አሰሙ። ይህን መሰሉን ስትጽፉ «ነው» የሚለውን ትታችሁ «ይሆናል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «እፈራለሁ» የሚሉትን ተጠቀሙ፤ ያላነበባችሁትን «ነው» ማለት ሐሰት ነውና።

ደግሞም ሁሉ ምላሽ በጽሑፍ አይደለም። በታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2014 የጦር ሠራዊት ሥልጣን በያዘ ጊዜ፣ በምያንማርም በ2021 እንዲሁ በሆነ ጊዜ፣ ተቃዋሚዎች ሦስት ጣታቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ ምልክቱ ከ«ሀንገር ጌምስ» የተወሰደ ነው። አንድ ልብ ወለድ እስከዚህ ድረስ ሊጓዝ ይችላል። ይህ ግን ከድርሰት ትምህርት ውጭ ስለ ሆነ ወደ ጽሑፋችን እንመለስ።

ረ. ሁለት ናሙናዎች

የሚከተሉት ሁለት አንቀጾች ለዚህ ትምህርት የተዘጋጁ እንጂ ከሌላ የተወሰዱ አይደሉም።

የመጀመሪያው ናሙና፦ «‹ዳይቨርጀንት›ን ሦስቱንም አነበብሁ። ሁለቱ በጣም ያምራሉ። ሦስተኛው ግን አስቀያሚ ነው። ትሪስ መሞት አልነበረባትም። ደራሲዋ አንባቢዎቿን አትወድም። ማንም እንዳያነበው እመክራለሁ።»

ሁለተኛው ናሙና፦ «የሦስተኛውን መጽሐፍ መጨረሻ ሳነብ እጅግ አዘንሁ፤ ተቆጣሁም። ይሁን እንጂ ተመልሼ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ስገልጥ፣ የትሪስ ወላጆች ለሌላው ሲሉ እንደ ሞቱ አገኘሁ፤ ስለዚህ የርሷ ሞት ከታሪኩ የወጣ ነው ለማለት አልችልም። የማልቀበለው ሌላ ነገር ነው። ተራኪዎቹ ሁለት ቢሆኑም አነጋገራቸው አንድ ነው። ትሪስ ከሞተች በኋላ ቶባያስ ብቻውን ሲተርክ ድምፅዋ መጥፋቱ ሊሰማኝ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን የርሱ ድምፅ ከርሷ ድምፅ ስላልተለየ አልተሰማኝም። በዚህም የተነሣ ሐሳቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ አፈጻጸሙ ደካማ ነው እላለሁ።»

በመጀመሪያው ናሙና ስድስት ዐረፍተ ነገሮች አሉ፤ አንዱን ከሌላው የሚያያይዝ ቃል ግን «ግን» ብቻ ነው። «ደራሲዋ አንባቢዎቿን አትወድም» የሚለው ደግሞ ስለ መጽሐፉ መናገሩን ትቶ ስለ ሰው ልብ የሚፈርድ ነው፤ ይህንም ለማወቅ አንባቢው ምንም መንገድ የለውም። በሁለተኛው ናሙና «ይሁን እንጂ»፣ «ስለዚህ»፣ «ቢሆኑም»፣ «በዚህም የተነሣ» የሚሉት አያያዦች ሐሳቡ ደረጃ በደረጃ እንዲሄድ አድርገዋል። ጸሐፊው ቁጣውን አልደበቀም፤ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አስቀመጠውና ወደ ምርመራ አለፈ። ነገር ግን ይህም ናሙና ጉድለት አለበት። «አነጋገራቸው አንድ ነው» ካለ በኋላ ከሁለቱም ምዕራፎች አንዳንድ ምሳሌ ማምጣት ነበረበት። ምሳሌ ቢጨምር ኖሮ አንቀጹ በሁለት መስመር ይረዝም ነበር፤ የማያምነውን አንባቢ ግን ያሳምን ነበር።

መልመጃ

1. ከሚከተሉት ግሦች ቅጽል አውጡ፤ ከዚያም ግሡንም ቅጽሉንም በዐረፍተ ነገር አስገቡ፦ አስደሰተኝ፣ አስገረመኝ፣ አሰለቸኝ፣ አስደነገጠኝ፣ ማረከኝ። በየትኞቹ ላይ የመጨረሻው ፊደል እንደ ተለወጠ አመልክቱ።

2. «ልጁ በሩጫው እንደ አባቱ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር «በሩጫው» የሚለውን ሐረግ አውጥታችሁ እንደ ገና ጻፉት። ትርጉሙ እንዴት ተለወጠ? የሩን መልክ በሚመለከት ከተደረገው ስሕተት ጋር አነጻጽሩት።

3. የመጀመሪያውን ናሙና በአያያዥ ቃላት እያገናኛችሁ እንደ ገና ጻፉት። የጸሐፊውን ሐሳብ አትለውጡ፤ ምክንያት የሌለውን ዐረፍተ ነገር ግን ወይ ምክንያት ስጡት ወይ አውጡት።

4. ካነበባችሁት ልብ ወለድ መካከል መጨረሻው ያስከፋችሁን አንዱን ምረጡ። በመጀመሪያ ስሜታችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ቀጥሎ መጽሐፉን ገልጣችሁ መጨረሻውን አስቀድመው የሚጠቁሙ ሁለት ስፍራዎች ፈልጉ፤ ካጣችሁም ማጣታችሁን ጻፉ፤ እርሱም ማስረጃ ነው። ከዚያ በኋላ መስፈርታችሁን ገልጣችሁ ፍርዳችሁን ከ150 በማያንስ፣ ከ200 በማይበልጥ ቃል አቅርቡ።

5. የጻፋችሁትን ከጎናችሁ ከተቀመጠው ተማሪ ጋር ተለዋወጡ። የጓደኛችሁን ጽሑፍ ስታነቡ ስለ መጽሐፉ በሚናገሩት ዐረፍተ ነገሮች ሥር አንድ መስመር፣ ስለ ጸሐፊው ስሜት በሚናገሩት ሥር ሁለት መስመር አስምሩ። ወደ የትኛው እንደሚቈጠር ለመወሰን ያስቸገራችሁን ዐረፍተ ነገር ለይታችሁ በክፍል ውስጥ ለውይይት አቅርቡ።